ስፖንጅ ቤቱና የአኮርዲዮኑ ትንፋሽ

ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከእኔ መጋረጃ ቤት ጎን አንድ ስፖንጅ ቤት አለ። ባለቤቱ ደግፌ ይባላል። ፍራሽ፣ ትራስና የሶፋ ስፖንጅ ይሸጣል። ግድግዳ ተካፍለን ስንነግድ ልጆቻችን አድገው ከቤት ወጥተዋል፤ ስለዚህ ስለ ደግፌ ለመናገር ከእኔ የተሻለ ሰው ያለ አይመስለኝም። ካለም ይምጣና ይናገር።

ደግፌን መንገድ ላይ ያየው ሰው ዞር ብሎ ደግሞ አያየውም። ቀጠን ያለ፣ ስድሳ ዓመት የተጠጋው፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። ወላጆቹ ከከምባታ መጥተው ኮልፌ ውስጥ ሲነግዱ ያረጁ ናቸው፤ እሱም ንግዱንና ጴንጤነቱን ከእነሱ ነው የወረሰው። አንድ ነገር ስትጠይቁት መጀመሪያ አጠገቡ ያለውን ስፖንጅ በጣቱ ዳበስ ዳበስ ያደርጋል፤ መልሱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ሰው ሲያንዛዛ ደሜ ይፈላል። «ኧረ ደግፌ፣ ተናገር እንጂ፣ ስፖንጁ ነው እንዴ የሚመልስልኝ» ስለው ፈገግ ይላል። ደግ ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ቀጥዬ የምነግራችሁ ነገር ደግ ሰው የሚያደርገው አይመስልም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን ግን ሌላ ሰው ይሆን ነበር። ገበያ ኖረም አልኖረም ሥራ አይያዝለትም። በር ላይ ይቆማል፣ ይገባል፣ ይወጣል፣ የተደረደረ ፍራሽ አፍርሶ መልሶ ይደረድራል። «ምን ሆነሃል?» ስለው «ቅዳሜ እኮ ነው» ይለኛል፤ ቅዳሜ የበሽታ ስም ይመስል። ነገሩን ያወቅኩት ብዙ ቆይቼ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ስፖንጅ ቤቱ ውስጥ ተሰብስበን ፖድካስት ማዳመጥ የጀመርነው በኢዮስያስ ነው። ኢዮስያስ ሳንሱሲ ሰፈር በኩል ባለች አንዲት የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያውን የሚቆጣጠር፣ ጆሮዬ ከሁሉም ይበልጣል ብሎ የሚያምን ወጣት ነው። ለቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የሚሆን ስፖንጅ ሊገዛ መጥቶ ሱቁ መሃል ቆመና አንድ ጊዜ አጨበጨበ። ጭብጨባው እዚያው ጠፋ። ፍራሽ እስከ ጣሪያ በተደረደረበት ቤት ሌላ ምን ይጠበቃል።

«ጋሼ፣ እዚህ ቤት እኮ ድምፅ አይመለስም» አለው።

ደግፌ ስፖንጁን ዳበሰ። «አውቃለሁ» አለ። እንዴት እንደሚያውቅ ማናችንም አልጠየቅነውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኢዮስያስ ስፒከሩን በፌስታል አንጠልጥሎ ከች አለ። ሊያሰማን የፈለገው «የጆሮ ወግ» የሚባል ፖድካስት ነው። ቀዳማዊ የሚባል ልጅ ያዘጋጀዋል። በአማርኛ ፊልሞች ላይ ሙዚቃ የተጫወቱትን፣ ያንን ሙዚቃ ስቱዲዮ ውስጥ የቀዱትን ሰዎች ካሉበት ፈልጎ ያናግራል። ተዋናይ አይቀርብም። ስማቸው በፊልሙ መጨረሻ ላይ ሰው ከወንበሩ ሲነሳ የሚያልፍ ሰዎች ብቻ ናቸው የሚቀርቡት።

እኔ የሄድኩት ለወሬ ነው። ፊልም ሳይ የማለቅስ ሰው ነኝ፤ የሚያስለቅሰኝም ታሪኩ ይመስለኝ ነበር። አንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ቀርቦ «ተዋናይዋ በደንብ ካላለቀሰች እኔ ከሥር እሞላላታለሁ» ሲል ስሰማ ዕድሜ ልኬን እንደተታለልኩ ቆጥሬ ተናደድኩ። ኢዮስያስ እስኪደክመው ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲያ ግን አንድም ቅዳሜ አላመለጠኝም። አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ምስሉን ሳያሳዩት፣ «ልጁ ሞቷል፣ እናትየው ገና አልሰማችም» ብቻ ተብሎ እንደተጫወተ ሲያወራ በእሱ ስንከራከር ሰነበትን። ኢዮስያስ «ባያይ ነው እንዲህ ያማረው» ይላል፤ እኔ «ሰውየው ላይ ቀልደውበታል» እላለሁ። የድምፅ ቀጂዎቹ ወግ ደግሞ ሌላ ነው። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለው፣ የጎረቤት ውሻ ዝም እስኪል ጠብቀው፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው ሥራውን አቁመው ሻይ ሲጠጡ። ኢዮስያስ ደስ ያለችውን ቦታ ሁሉ አቁሞ ያስደግማል፤ ማይኩ ለምን ቀረበ፣ ለምን ራቀ። ደግፌ አይከራከርም። ትራስ አቅፎ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል።

ከሁሉም በላይ የምንጣላበት «ባለ አረንጓዴው በር» የሚባል የድሮ ፊልም ሙዚቃ ነበር። ታሪኩ ረጅም አይደለም፤ አንዲት እናት የጠፋ ልጇን ትጠብቃለች፣ በሩን ትከፍታለች፣ ማንም ሳይመጣ ይመሽና ትዘጋዋለች። ስትዘጋው አኮርዲዮን ብቻውን ይገባል። ከዜማው ቀደም ብሎ አንዲት ትንፋሽ ትሰማለች፤ እፍ የምትል። ኢዮስያስ ያቺን ትንፋሽ ሲሰማ ፊቱ ይበራል። «ሆን ብለው ነው ማይኩን ያስጠጉት» ይላል። እኔ «ሰውየው ራሱ ሆድ ብሶት ተንፍሶ ነው» እላለሁ። አንድ ቀን ሁለታችንም ወደ ደግፌ ዞረን «አንተስ?» «እርስዎስ?» አልነው።

«ዕቃው አሮጌ ሆኖ ይሆናል» አለ።

የአኮርዲዮን ተጫዋቹ ስም በፊልሙ ላይ የለም። የጆሮ ወግ አድማጮች በቴሌግራም ግሩፓቸው ማን ይሆን እያሉ ሲነታረኩ አንዲት ልጅ «አባቴ ነው» ብላ ጻፈች። ኢዮስያስ ወዲያው ወደኛ ጠራት። ናዝራዊት የመጣችው እንዲህ ነው።

ቀራንዮ የምትኖር፣ ፋርማሲ የምትሠራ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ ናት። እናቷ ገና በሕፃንነቷ ሞታባት አባቷ ነው ብቻውን ያሳደጋት። በር ላይ ቆማ «አባቴ ገብረወልድ ይባል ነበር፣ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው» ስትል ደግፌ የደንበኛ ስፖንጅ እየቆረጠ ነበር። ቢላዋው ሄደበት። ደግፌ ስፖንጅ አጣሞ ሲቆርጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አባቴ ራሱ አንድም ቀን አላወራኝም» አለችን ከተቀመጠች በኋላ። «በለቅሶው ላይ ነው አንዲት የድሮ ዘማሪት የነገረችኝ። ለፊልም ተጫውቶ ነው አሉ ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የታገደው። ያ ዜማ በቴሌቪዥን ሲመጣ ተነስቶ ያጠፋው ነበር። አባቴ እንዲህ ነበር፣ መመስገን አይወድም።» ከዚያ ወደ ደግፌ ዞረች። «ጋሽ ደግፌ ነው ያሉኝ ስምዎን? አባቴም ደግፌ የሚል ስም ያነሳ ነበር። የድሮ ጓደኛው መሰለኝ። ያውቁት ነበር?»

ደግፌ የተጣመመውን ስፖንጅ በጣቱ ዳበሰው።

«ደግፌ የሚባል ብዙ ሰው አለ» አላት።

ኋላ የነገረኝን እናንተ አሁኑኑ እወቁት፤ እኔ ሰው ማጓጓት አልወድም። በዚያ ፊልም ላይ አኮርዲዮኑን የተጫወተው ደግፌ ነው።

ወጣት ሳሉ እሱና ገብረወልድ በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ በአንድ መዘምራን ውስጥ ነበሩ። አኮርዲዮኑ የቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ አንድ ብቻ ነው፤ ተቆልፎ የሚቀመጥበት ሣጥን አለው። ቁልፉ የሚኖረው ገብረወልድ ዘንድ ነው፤ ደግፌን ያስተማረውም እሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ቀራንዮ፣ ገብረወልድ ቤት ተገናኝተው ይለማመዱ ነበር። አየር የሚስበው የመሣሪያው ወናፍ ተቀዶ ገብረወልድ በጫማ ቆዳ ለጥፎታል፤ ያ ልጥፍ ሁልጊዜ ከዜማው በፊት እፍ ይላል። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያችን ትንፋሽ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ደግፌ በሰርግ ላይ ሲጫወት አንድ የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ሰማውና ስቱዲዮ ና አለው። በዚያ ዘመን እነሱ ዘንድ አገልጋይ ሆኖ ዓለማዊ ሙዚቃ መጫወት ቀላል ነገር አልነበረም። ደግፌ ግን ፊልም ይወዳል፤ አንዲት ሴት ዝም ብላ ስታዝን ከሥሯ የእሱ እጅ ሲሰማ ማየት አማረው። «አንድ ጊዜ ብቻ» አለ ለራሱ። በዚያው ሰሞን ገብረወልድ ለለቅሶ ወደ ሀገር ቤት ሲሄድ «እስክመለስ አደራ» ብሎ ቁልፉን ለእሱ ትቶለት ነበር። ደግፌ ሣጥኑን ከፈተ፣ አኮርዲዮኑን ይዞ ሄደ፣ ተጫወተ፣ ስሜን አታውጡ አለ፣ መልሶ ቆለፈበት። ገብረወልድ ሲመለስ ቁልፉን አስረከበው። ሌላ ምንም አላለውም።

ዓመት አልፎ ፊልሙ ለበዓል በቴሌቪዥን ታየ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎችም እንደ ሰው ሁሉ ቤታቸው ቁጭ ብለው እያዩ ነው፤ እናትየው በሩን ስትዘጋ የራሳቸው አኮርዲዮን እፍ አለ። ሁለቱን ጠርተው አስቀመጧቸው።

«የሣጥኑ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?»

«እኔ ዘንድ ነው» አለ ገብረወልድ። ከዚያ ደግፌን አየው። ደግፌ ጫማውን አየ።

በቃ ይኸው ነው። ከዚህ በላይ የተደረገ ነገር የለም። ገብረወልድ ከአገልግሎት ታገደ፣ ንስሐ ግባ ተባለ። ባልሠራው ነገር ምን ብሎ ይግባ? አሳልፎ መስጠትም አልፈለገም፤ ጓደኛው በራሱ አፍ እንዲናገር ጠበቀው። ሄዶ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ደግፌ ፊት ቆሞ ይጫወታል፣ ገብረወልድ ከኋላ ተቀምጦ ይሰማዋል። ደግፌ ይህን ጥቂት ወራት እንኳ አልቻለውም። እውነቱን መናገር ያቃተው ሰው አኮርዲዮኑን ማስቀመጥ ግን አላቃተውም። ዓለም ባንክ ገባ፣ ቤተ ክርስቲያን ቀየረ፣ ስፖንጅ ቤቱን ከፈተ። ናዝራዊት ያን ጊዜ ገና በእግሯ አልሄደችም።

እንግዲህ ይህች ልጅ ናት አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ፍራሹ ላይ የምትቀመጠው። ደግፌ እሷ ስትመጣ የሚሆነውን ባያችሁ። ለስላሳውን ትራስ ለእሷ ያስቀምጣል። ስለ አባቷ ስታወራ ሥራውን ሁሉ ትቶ ይሰማታል፤ ምን ይበላ ነበር፣ ሲስቅ እንዴት ነበር፣ ፀጉሩ ሸብቶ ነበር ወይ ይላታል። እኔ ልጅ ናፍቆት ነው ብዬ አለፍኩት። አንድ ቀን ቤቷ ጠራችን፤ እኔ እሺ ስል ደግፌ «ቀራንዮ ሩቅ ነው» አለ። «ቀራንዮ ነው ሩቁ? እዚሁ አጠገባችን እኮ ነው» ብዬ ሳቅኩበት።

የክረምቱ መግቢያ ላይ ቀዳማዊ በፕሮግራሙ መጨረሻ ማስታወቂያ ተናገረ። በሚቀጥለው ሳምንት እንግዳው ሰይፈሥላሴ የሚባሉ አንጋፋ የድምፅ ቀጂ ናቸው፤ «ባለ አረንጓዴው በር»ን የቀዱት እሳቸው ናቸው፤ ስለ አኮርዲዮኑም ይናገራሉ። ናዝራዊት አፏን ሸፍና ጮኸች። ኢዮስያስ ዘለለ። ደግፌ ተነስቶ ወደ ውጭ ወጣ፤ አየር ሊወስድ መሰለኝ።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረውም። ሰይፈሥላሴ ስሜን ያውቁታል፣ ይጠሩታል ብሎ ነው የፈራው። ልጅቷ ከስፒከር ከምትሰማው እኔ ልንገራት ብሎ ቆረጠና ታክሲ ተሳፈረ። ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ጋ ወረደ። ፋርማሲው ደጃፍ ድረስ ሄዶ በመስተዋቱ አያት፤ ለአንዲት ሴትዮ የመድኃኒቱን አወሳሰድ እያስረዳች ነበር። ቆይቶ ቆይቶ ተመልሶ ታክሲ ያዘ። ዓርብ ዕለት ወደ እኔ መጥቶ «ድንቄ፣ ነገ ሱቅ ባልከፍትስ?» አለኝ። እኔ ምኑን አውቄ፣ «አብደሃል? ልጅቷ ስንት ቀን የጠበቀችው ነገር ነው» ብዬ ተቆጣሁት። እሺ አለኝ።

ቅዳሜ ናዝራዊት የአባቷን ፎቶ ይዛ መጣች። በፍሬም ነው፣ በነጠላ ጠቅልላዋለች። ፍራሾቹ ላይ ደገፍ አድርጋ አቆመችው። «ስሙ ሲጠራ እሱም ይስማ» አለች። ገብረወልድ ፊቱ ሰፋ ያለ፣ ከንፈሩ ሊስቅ የጀመረ የሚመስል ሰው ነው። ደግፌ ፎቶውን አንድ ጊዜ አየና ከዚያ በኋላ ወደዚያ አልዞረም። «ናዝራዊት፣ አንድ ነገር...» ብሎ ጀመረ። ኢዮስያስ «ጋሼ፣ ተጀመረ፣ ተጀመረ» አለው።

ሰይፈሥላሴ ድምፃቸው ሻካራ፣ ወጋቸው ጣፋጭ ነው። ስቱዲዮው ጓዳ እንደነበረ፣ ማይኩ አንድ ብቻ እንደነበረ አወሩ። አኮርዲዮኑ ላይ ሲደርሱ ቀዳማዊ «ማን ነበር የተጫወተው?» አላቸው።

«ስሙን ረስቼዋለሁ ልጄ» አሉ። «ስሜን አታውጡ ያለ ትሑት ልጅ ነበር፣ ከጴንጤዎቹ። እኔ ልማድ አለኝ፤ ተጫዋቹ ዝግጁ ነኝ ሳይል ቴፑን ቀድሜ አስነሳለሁ። ልጁ ደግሞ የእነሱ ልማድ ሆኖ መሣሪያ ከመንካቱ በፊት ድምፁን አውጥቶ ይጸልያል። ማይኩ ክፍት መሆኑን አላወቀም። እኔም ጸሎት እንዴት ብዬ ላጥፋ? እስከ ዛሬ አለኝ። ይኸው ላሰማችሁ።»

ቴፑ ተንሿሿ። የወንበር ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ የአንድ ወጣት ድምፅ መጣ፤ ለስለስ ያለ፣ ቃል ከቃል እያሳረፈ የሚናገር፤ ከእኔ ግድግዳ ማዶ ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት ድምፅ።

«ጌታ ሆይ፣ ገብሬ አምኖኝ ነው ቁልፉን የሰጠኝ። ሳልጠይቀው ነው ያወጣሁት። ሲመለስ እነግረዋለሁ። ዛሬን ብቻ እጄን አትሰረው። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።»

ከዚያ እፍ አለ፤ ዜማውም ቀጠለ።

ኢዮስያስ መጀመሪያ አልገባውም፤ «ገብሬ ማነው?» ብሎ ሊስቅ ነበር። ከዚያ ፎቶውን አየ፣ ደግፌን አየ፣ ስፒከሩን ዘጋው። ያ ቤት ድምፅ አይመልስም ብያችኋለሁ፤ ጸሎቱም የሚሄድበት አጥቶ ላያችን ላይ ቀረ። ናዝራዊት ደግፌን ብቻ ነው የምታየው። ስትናገር ድምፅዋን አላነሳችም።

«ሲመለስ ነገሩት?»

ደግፌ ስፖንጁን አልዳበሰም። «አልነገርኩትም» አላት።

ፎቶውን አነሳች። በነጠላው ስትጠቀልለው ጫፉ አልያዝላት አለ፤ ልረዳት ስነሳ ራሷን ነቀነቀች። «ያን ዜማ ሲያጠፋው ትሕትና መስሎኝ ነበር» አለችኝ፤ ለእኔ ነው ያለችው፣ ለእሱ አይደለም። ሄደች።

ደግፌ ሁሉንም የነገረኝ ያን ዕለት፣ እዚያው ፍራሹ ላይ ቁጭ ብሎ ነው። እኔ ሰው ማጽናናት አልችልበትም። «ለቅሶ እንኳ አልደረስክም?» አልኩት። ሲያርፍ ሰምቶ ታክሲ ተራው ድረስ ሄዶ እንደተመለሰ ነገረኝ። «ለቅሶ ቤት ገብቼ ማን ልበል? ጓደኛው ነኝ ልበል?» አለኝ። «ይቆጨኛል ድንቄ። ያኔ ብናገር ቢበዛ እታገድ ነበር፤ ወራት ነው፣ ዓመት ነው፣ ያልፋል። እሱ ይመጣና ይሰድበኛል፣ ከዚያ እንታረቃለን ብዬ ጠበቅኩት። አልመጣም። በመጨረሻ መጠበቄ ራሱ ሌላ ጥፋት ሆነብኝ።» ተናድጄበት ነበር፤ ይህን ሲል ግን አብሬው አለቀስኩ። ከሥር የሚሞላ ኪቦርድ አልነበረም።

ደግፌ በሚቀጥለው ሳምንት የድሮ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደ። የገብረወልድ እገዳ እንዲነሳለት፣ ስሙም በጉባኤው ፊት እንዲጠራ ሊለምን ነው። ከነዚያ ሽማግሌዎች በሕይወት ያለ አላገኘም። ወጣቱ መጋቢ በአክብሮት ተቀብሎ ከሰማው በኋላ ግራ ተጋባ። «ጋሼ፣ እኛ እኮ ዛሬ ራሳችን ፊልም እንሠራለን። ይህ አሁን ጥፋት አይደለም» አለው። የእገዳውን ነገር የሚያስታውስ ሰውም የለም። ደግፌ ተመልሶ መጥቶ «የሚነሳ ነገር የለም ተባልኩ» አለኝ። ከዚያ ይልቅ ቢያባርሩት ይሻለው ነበር።

በዚያ መሃል ኢዮስያስ ከቀዳማዊ መልእክት ይዞ መጣ። አኮርዲዮን ተጫዋቹ እንደተገኘ ሰምቷል፣ ሊያናግረው ይፈልጋል። ወጣት ሳለ ደግፌ ለዚህ ስንቱን ይሰጥ ነበር። «መጀመሪያ ልጅቷ ትፍቀድልኝ» አለ። ይህን ብሎ ደግሞ ሊቀመጥ ነው፤ አውቀዋለሁ። ሱቄን ዘግቼ «ተነስ» አልኩት።

ቀራንዮ ስንደርስ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ሆን ብለን አይደለም። ሰፈሩ ግማሹ አዲስ ፎቅ ሆኗል፤ ደግፌ ግን ሳይጠይቅ በጭቃ ቤቶቹ መሃል እየቆረጠ ሄደና ከአንድ የቆርቆሮ በር ፊት ቆመ። አንኳኳ።

ናዝራዊት ከፈተች። አየችው። ግቡም አላለችን፣ በሩንም አልዘጋችም።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አላት። «አንቺን። እሱን መጠየቅ አልቻልኩም።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው» አለች፤ ለራሷ የምትናገር ነበር የሚመስለው። «አባቴ ቅዳሜ ከሰዓት በር ሲንኳኳ ‹ደግፌ ነው፣ ክፈችለት› ይለኝ ነበር። ሮጬ እከፍታለሁ። ቆጣሪ የሚያነብ ሰው ይሆናል፣ ወይ ጎረቤት ይሆናል። ‹ደግፌ አይደለም አባዬ› እለዋለሁ። ‹እሺ፣ ሌላ ቅዳሜ› ይለኛል። ልጅ ሆኜ የሁለታችን ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ሲታመምም አልተወውም።»

ደግፌ የበሩን ቆርቆሮ ጠርዝ ይዞ ነበር። «ምን ሊለኝ ነበር የሚጠብቀኝ?» አላት።

«አልነገረኝም» አለች። «የተቆጣ ግን አይመስልም ነበር። ቡና ከቀረበ አንድ ሲኒ ትርፍ ያስቀምጥ ነበር።»

ሌላ ብዙ አላወራንም። ፖድካስቱን ሲያነሳላት አሰበችና «ይናገሩ» አለችው። «አባቴ ያልተጫወተውን ተጫወተ እንዳይሉ። ቁልፉን ግን አምኖ እንደሰጠዎት ይንገሯቸው።» እሺ አላት። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ደግፌ ከተዘጋው በር ፊት ለፊት ትንሽ ቆመ፤ እኔም ቆምኩ።

ስንመለስ የታክሲው ረዳት «ዓለም ባንክ፣ ዓለም ባንክ» እያለ ነበር፤ ገባን። ደግፌ መስኮት በኩል ተቀምጦ መንገዱን ብቻ ያያል። ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ፣ ገና ወንበሩ ሳይሞቅልኝ ሰፈራችን ደረስን። «ወራጅ አለ» አልኩ። ደግፌ አልተነሳም።

«ደግፌ፣ ደርሰናል» አልኩት።

በመስኮቱ ስፖንጅ ቤቱን አየው።

«ድንቄ፣ አንድ ታክሲ ነው እኮ» አለኝ። «አንድ ታክሲ ብቻ ነው።»

ረዳቱ ቶሎ በሉ እያለ ነበር። ክንዱን ይዤ አወረድኩት።